የሳምንቱ ፓራሻ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እስራኤል አገር ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሰዎች ሲገናኙ «ሻባት ሻሎም»፣ ማለትም የሰላም ሰንበት፣ ይባባላሉ። ወዲያው ደግሞ አንዱ «የዚህ ሳምንት ፓራሻ ምን ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቼ ስልክ ላይ ይህን ወሬ ሲሰሙ በጥያቄ ያጣድፉኛል። ኦሪትን የማያውቁ ሰዎች አይደሉም። አብርሃምን፣ ዮሴፍን፣ ሙሴን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቋቸዋል። ግራ የሚያጋባቸው አነባበቡ ነው። አንድ ሙሉ ሕዝብ በአንድ ሳምንት አንድ ገጽ ላይ እንዴት ይገኛል? ጥያቄዎቻቸውን ሰብስቤ እዚህ መልሻቸዋለሁ።

ፓራሻ ማለት ምን ማለት ነው?

ቃሉ ዕብራይስጥ ነው፤ «ክፍል» ማለት ነው። አምስቱ የሙሴ መጻሕፍት በ54 ክፍሎች ተከፍለዋል። በየሳምንቱ ቅዳሜ በምኩራብ አንዱ ክፍል ይነበባል፤ አንዳንዴም ሁለቱ ይጣመራሉ። በዓመት ውስጥ አምስቱም መጻሕፍት ያልቃሉ። ሙሉ ስሙ «ፓራሻት ሃሻቩዓ» ነው፤ የሳምንቱ ክፍል እንደማለት።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን ግጻዌ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። እዚያም ለዕለቱ የተመደበ ንባብ አለ። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ግጻዌ ለዕለቱ የሚስማማውን ከየመጽሐፉ ይመርጣል። ፓራሻ አይመርጥም። «በመጀመሪያ እግዚአብሔር ሰማይንና ምድርን ፈጠረ» ብሎ ይጀምርና እስከ ሙሴ ሞት ድረስ አንድ ቃል ሳይዘል ይሄዳል። የትውልድ ቆጠራው፣ የድንኳኑ ልክ፣ የለምጽ ሕጉ፣ ሁሉም ተራው ሲደርስ ይነበባል።

ዓመቱ መቼ ይጀመራል?

በመስከረም ማብቂያ ወይም በጥቅምት። የዳስ በዓል እንዳለቀ «ሲምሓት ቶራ» የሚባል በዓል አለ፤ «የኦሪት ደስታ» ማለት ነው። በዚያ ቀን የመጨረሻው ክፍል ይነበባል። ሙሴ ተራራ ላይ ወጥቶ ምድሪቱን አይቶ ይሞታል። ሕዝቡ ግን እዚያ ላይ አያቆምም። እዚያው፣ በዚያው ሰዓት፣ ሌላ ጥቅልል ይከፈትና ከፍጥረት ታሪክ እንደገና ይጀመራል። ጥቅልሎቹን አቅፎ መጨፈር የዚህ ቀን ልማድ ነው። ሽማግሌውም ሕፃኑም ይጨፍራል።

እኔ በዚህ ቀን በጣም የምወደው ነገር አለ። በዕብራይስጡ የኦሪት የመጨረሻ ቃል «እስራኤል» ነው፤ በ«ል» ያበቃል። የመጀመሪያው ቃል «በሬሺት» ነው፤ በ«ብ» ይጀምራል። መጨረሻውን ከመጀመሪያው ጋር ስታገናኘው «ልብ» ይመጣል። ዕብራይስጡ «ሌቭ» ብሎ ያነበዋል፤ ፊደሎቹ ግን እነዚያው ሁለቱ ናቸው። ለአማርኛ ተናጋሪ ማስተርጎምም አያስፈልገው።

54 ክፍል ከዓመቱ ሳምንታት ጋር እንዴት ይገጥማል?

በቀጥታ አይገጥምም። ለዚህም ነው አንዳንድ ሳምንት ሁለት ስም የምትሰሙት።

የአይሁድ ወር በጨረቃ ይቆጠራል። 12ቱ ወር ሲደመር 354 ቀን ገደማ ነው። በዓላቱ ከወቅታቸው እንዳይርቁ በ19 ዓመት ውስጥ 7 ጊዜ አንድ ሙሉ ወር ይጨመራል። ጳጉሜን የለመደ ሰው «አሥራ ሦስተኛ ወር» ሲባል አይደነግጥም። የእነሱ ግን 30 ቀን ነው፤ የሚመጣውም በየዓመቱ አይደለም። ስለዚህ አጭሩ ዓመት 50 ወይም 51 ሳምንት ገደማ አለው፤ ረጅሙ ደግሞ 54 ወይም 55። በዚያ ላይ በዓል ቅዳሜ ላይ ሲውል የበዓሉ ንባብ ቦታውን ይወስድና የሳምንቱ ክፍል ለሚቀጥለው ይተላለፋል።

መፍትሔው ማጣመር ነው። እንደ ዓመቱ ሁኔታ ሊጣመሩ የሚችሉ ሰባት ጥንዶች አሉ። «ታዝሪያ» እና «ሜጾራ» አንዱ ጥንድ ናቸው፤ «ማቶት» እና «ማስዔ» ሌላው። ነገሩ የሒሳብ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንዳንድ ክፍሎች ከቦታቸው አይነቃነቁም። የዘዳግም የመጀመሪያው ክፍል ሁልጊዜ ቤተ መቅደሱ የፈረሰበት ቀን ከሚታሰብበት ጾም በፊት ባለው ሰንበት ይነበባል። «ኒጻቪም» ደግሞ ከአይሁድ አዲስ ዓመት በፊት ባለው ሰንበት። ጥንዶቹ የሚጣመሩትና የሚለያዩት እነዚህ ቦታቸውን እንዳይስቱ ነው።

ስሞቹ ከየት መጡ?

ከክፍሉ መነሻ ቃላት። እኛም «አቡነ ዘበሰማያት ድገም» ስንል ጸሎቱን በመነሻው እንጠራው የለ? እንደዚያ ነው። ስለዚህ ስሙ ሁልጊዜ ይዘቱን አይነግራችሁም። «ሓዬ ሳራ» የሣራ ሕይወት ማለት ነው፤ የሚጀምረው ግን ሣራ ሞታ አብርሃም መቃብር ሲገዛላት ነው።

ዕብራይስጥና ግዕዝ ዘመዳሞች ስለሆኑ አንዳንዱን ስም ጆሯችሁ ያውቀዋል። «ሼሞት» ስሞች ነው። «ሼሚኒ» ስምንተኛው ነው። «ቶራ» የሚለውን ሕዝቡ ራሱ በአራማይክ «ኦራይታ» ይለው ነበር። የእኛ «ኦሪት» የመጣው ከዚያ ነው።

ክፍሎቹ ከምዕራፎቹ ጋር ለምን አይገጥሙም?

የምዕራፍ ቁጥር በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ በክርስቲያኖች የተጨመረ ነው። የፓራሻው አከፋፈል የራሱ ሌላ ባህል አለው። የመጀመሪያው ክፍል «በሬሺት» ዘፍጥረት 6፥8 ላይ ይቆማል፤ ምዕራፉ መሃል ላይ ማለት ነው። እግዚአብሔር ሰውን በመፍጠሩ ተጸጸተ፣ ሊያጠፋም ቆረጠ ይልና ኖኅ ግን ሞገስ አገኘ በሚለው ያበቃል። ሰሚው ወደ ቤቱ የሚሄደው ጥፋቱን ሳይሆን ተስፋውን ይዞ ነው።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን የዮሴፍ ታሪክ የተቆረጠበት ቦታ ነው። «ሚኬጽ» የሚባለው ክፍል መጨረሻ ላይ የዮሴፍ ዋንጫ ከብንያም ስልቻ ውስጥ ይገኛል። ወንድሞቹ ልብሳቸውን ቀደዱ። ዮሴፍ እንዲህ አለ፦ ዋንጫው የተገኘበት ሰው ባሪያዬ ይሆናል፤ እናንተ ግን በሰላም ወደ አባታችሁ ውጡ። እዚህ ላይ ንባቡ ያበቃል! ጥቅልሉ ይዘጋል። ሕዝቡ አንድ ሳምንት ሙሉ ብንያምን እዚያ ትቶት ይሄዳል።

በሚቀጥለው ሰንበት የመጀመሪያው ቃል «ቫዪጋሽ» ነው፤ «ቀረበ» ማለት ነው። ይሁዳ ቀረበ። ዮሴፍን ለነጋዴዎች እንሽጠው ያለው ያው ይሁዳ አሁን ስለ ወንድሙ ራሱን ለባርነት ይሰጣል። ታሪኩን አንድ ላይ ያነበበ ሰው ይህን ሳያስተውል ሊያልፍ ይችላል። አንድ ሳምንት የጠበቀ ሰው ግን ያቺ «ቀረበ» የምትለው ቃል ምን ያህል እንደምትከብድ ይሰማዋል። እኔ መጽሐፉን ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። ይህን የተረዳሁት ግን በየሳምንቱ ቆጥቤ ማንበብ ከጀመርኩ በኋላ ነው።

ምኩራብ ውስጥ ምን ይደረጋል?

የኦሪቱ ጥቅልል ከታቦቱ ይወጣል። ታቦት ስል ግድግዳው ላይ ያለውን የጥቅልሎቹን ማስቀመጫ ማለቴ ነው። ጥቅልሉ ብራና ነው፤ በእጅ የተጻፈ። 304,805 ፊደላት አሉት። አንዷ ፊደል ከጎደለች እስኪታረም ድረስ አይነበብበትም። አናባቢ ምልክት የለውም፤ ነጥብ የለውም፤ የዜማ ምልክትም የለውም። አንባቢው ይህን ሁሉ በቃሉ ይዞ መምጣት አለበት። ብራናው በእጅ ስለማይነካ መስመሩን የሚከተለው ጫፉ የእጅ ጣት በሚመስል ዘንግ ነው። ዘንጉ «ያድ» ይባላል፤ እጅ ማለት ነው።

የሰንበቱ ክፍል በሰባት ይከፈላል። ለእያንዳንዱ አንድ ሰው ተጠርቶ ይወጣል፤ ይባርካል። መጀመሪያ ከካህናት ዘር የሆነ፣ ቀጥሎ ሌዋዊ፣ ከዚያ ሌላው ሕዝብ። በዓል ሲሆን የሚጠሩት አምስት ናቸው፤ በማስተስረያ ቀን ስድስት። ሰኞና ሐሙስ ጠዋት፣ እንዲሁም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከሚመጣው ሳምንት ክፍል መጀመሪያው ለሦስት ሰው ይነበባል። ለምን ሰኞና ሐሙስ? ታልሙድ፣ ማለትም የጥንት ረቢዎች ትምህርት የተሰበሰበበት መጽሐፍ፣ እስራኤላውያን በበረሃ ሦስት ቀን ውኃ አጥተው ከሄዱበት ታሪክ ጋር ያያይዘዋል። ውኃው ኦሪት ነው ይላል። ሰው ያለ ኦሪት ሦስት ቀን እንዳይቆይ ተብሎ ተሠራ።

አንባቢው ትርጉም የሚለውጥ ስህተት ከሠራ ሕዝቡ ከተቀመጠበት ሆኖ ጮክ ብሎ ያርመዋል። መጀመሪያ ስታዩት ማዋረድ ይመስላል። አይደለም። ሁሉም መጽሐፉን ይዞ ቃል በቃል ይከተላል ማለት ነው።

ሃፍታራ የሚባለውስ?

ከኦሪቱ ንባብ በኋላ ከነቢያት መጻሕፍት የሚነበብ ክፍል ነው። ብዙ ጊዜ ከሳምንቱ ፓራሻ ጋር ይመሳሰላል። የቀይ ባሕሩ መዝሙር በሚነበብበት ሰንበት የዲቦራ መዝሙር ይነበባል። የኖኅ ሳምንት ላይ ኢሳይያስ ስለ ኖኅ ውኃ የሚናገርበት ክፍል ይመጣል። አንዳንዴ ግን የሚመስለው ወቅቱን ነው። ከቤተ መቅደሱ ጾም በኋላ ሰባት ሳምንት የማጽናኛ ንባብ ነው፤ የሚጀምረውም «አጽናኑ፥ ሕዝቤን አጽናኑ» በሚለው ነው።

ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ነበር?

አልነበረም። በጥንት ዘመን ሁለት ልማድ ነበር። የባቢሎን አይሁድ በአንድ ዓመት ይጨርሱ ነበር። በእስራኤል ምድር የነበሩት ግን ክፍሎቹን አሳንሰው ሦስት ዓመት ገደማ ይወስዱ ነበር። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቢንያም ዘቱዴላ የተባለው ተጓዥ ግብፅ ሲደርስ ሁለት ምኩራቦች አገኘ። አንዱ በዓመት ይጨርሳል፤ ሌላው በሦስት ዓመት። ሆኖም በሲምሓት ቶራ ቀን ሁለቱም አንድ ላይ ይጸልዩ ነበር። በመጨረሻ የባቢሎኑ ልማድ አሸነፈ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ አንዳንድ ማኅበረሰቦች በየሳምንቱ የክፍሉን ሲሶ ብቻ እያነበቡ በሦስት ዓመት ይጨርሳሉ።

በዓለም ላይ ሁሉም በአንድ ሳምንት አንድ ክፍል ያነባል?

አብዛኛውን ጊዜ አዎ። አንዳንዴ ግን እስራኤልና ውጭ አገር ለጥቂት ሳምንታት ይለያያሉ። ፋሲካ እስራኤል ውስጥ 7 ቀን ነው፤ በውጭ 8። ስምንተኛው ቀን ቅዳሜ ሲውል እስራኤል ያለው ወደ ቀጣዩ ክፍል ያልፋል፤ ውጭ ያለው ገና በዓል ላይ ነው። ከዚያ እስራኤል ውስጥ ለብቻው የሚነበብ ክፍል በውጭ ተጣምሮ ሲነበብ እንደገና ይገናኛሉ። በመሃል ከእስራኤል ወደ አሜሪካ የሄደ ሰው አንዱን ክፍል ደግሞ ይሰማል፤ በተቃራኒው የመጣ ደግሞ አንድ ክፍል ያመልጠዋል።

ቤተ እስራኤል በኢትዮጵያ ሳሉ ፓራሻ ነበራቸው?

ይህ ጥያቄ ለእኔ ከሁሉም የቀረበ ነው።

በዚህ መልኩ አልነበራቸውም። የ54ቱ ክፍል ሥርዓት የረቢዎች ባህል ነው፤ ቤተ እስራኤል ደግሞ ከዚያ ባህል ርቀው ለብዙ ዘመን ኖረዋል። ኦሪት ግን ነበራቸው። የእነሱ ኦሪት በግዕዝ ነው። ጥቅልልም አይደለም፤ እንደ መጽሐፍ የተጠረዘ ብራና ነው። ከአምስቱ የሙሴ መጻሕፍት ጋር ኢያሱን፣ መሳፍንትንና ሩትን ይይዛል። ቄሶቹ በግዕዝ ያነቡና ለሕዝቡ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ያስረዱ ነበር። ሰንበትን ደግሞ በጥብቅ ያከብሩ ነበር።

ቤተ እስራኤል በሚያከብሩት በስግድ በዓል ይህን ዛሬም ማየት ይቻላል። ቄሶቹ በጃንጥላ ሥር ኦሪቱን ይዘው ወደ ከፍታ ይወጣሉ። በጎንደር አካባቢ አምቦበር ላይ ይደረግ የነበረው አሁን ኢየሩሳሌም ውስጥ ይደረጋል። ሕጉ በሲና የተሰጠበት ክፍልና በነህምያ መጽሐፍ ዕዝራ ለሕዝቡ ሕጉን ያነበበበት ታሪክ ይነበባል። የእስራኤል ፓርላማ በ2008 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዓሉን በሕግ አጽድቆታል።

በዘመቻ ሙሴና በ1991 በዘመቻ ሰለሞን ወደ እስራኤል የመጡት ሰዎች ፓራሻን የተዋወቁት እዚህ ነው። ብዙ ቤት ውስጥ አስተማሪው ልጁ ነበር። ሕፃኑ ዓርብ ከመዋዕለ ሕፃናት የሳምንቱን ክፍል ሥዕል ቀለም ቀብቶ ይመጣል። አያቱ ሥዕሉን አይተው «ይሄማ ያዕቆብ ነው፤ መሰላሉ ይኸው!» ይላሉ። ከዚያ ታሪኩን እሳቸው ያውቁታል፤ ልጁ ደግሞ የሳምንቱን ስም ያውቃል። እንዲህ ተጋግዘው ያነቡታል። ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲገናኙ ማየት ደስ ይላል፤ ዕንባም ያመጣል።

አሰልቺ ክፍሎችስ?

ሳይደብቁ መናገር ይሻላል፤ አሉ። የድንኳኑ ሥራ አንድ ጊዜ በትእዛዝ፣ አንድ ጊዜ በአፈጻጸም ይነገራል፤ መጋረጃው፣ ቋሚው፣ መንጠቆው ሁሉ። ረጅሙ ክፍል «ናሶ» 176 ቁጥር አለው። አጭሩ «ቫዬሌኽ» 30 ብቻ ነው።

ከሁሉም የሚፈራው ግን የለምጹ ሕግ ነው፤ «ታዝሪያ» እና «ሜጾራ»። ልጁ 13 ዓመት የሚሞላው በዚያ ሳምንት ከሆነ በባር ሚጽቫው፣ ማለትም ትእዛዛቱን ለመጠበቅ በሚበቃበት በዓል፣ ቀን ስለ ቆዳ በሽታ ሊናገር ነው። ሊቃውንቱ ግን መንገድ አሳይተዋል። ለምጽን ከሐሜት ጋር ያገናኙታል። ምክንያታቸው በዘኍልቍ 12 የተጻፈው ነው። የሙሴ እህት ማርያም ሙሴን ባገባት ሴት ምክንያት አማችው፤ በለምጽም ተመታች። ያቺ ሴት በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ኢትዮጵያዊት ናት። ይህ ታሪክ የሚነበበው «ቤሃዓሎትኻ» በሚባለው ሳምንት ነው። የኢትዮጵያ ስም በሌላም ሳምንት ይመጣል። በአሽኬናዝ፣ ማለትም በአውሮፓ አይሁድ፣ ልማድ የ«ቄዶሺም» ሃፍታራ ከአሞጽ 9 ነው፤ እግዚአብሔር የእስራኤልን ልጆች ከኢትዮጵያ ልጆች ጋር የሚያመሳስልበት ቦታ። የኢትዮጵያ ልጆች በተቀመጡበት ምኩራብ ሲነበብ ሌላ ድምፅ አለው።

ሴቶች ይነበብላቸዋል ወይስ ያነባሉ?

እንደ ምኩራቡ ነው። ኦርቶዶክስ በሚባሉት ወግ አጥባቂ አይሁድ ምኩራብ በተለምዶ ወደ ንባቡ የሚጠሩት ወንዶች ናቸው። ሪፎርምና ኮንሰርቫቲቭ በሚባሉት ሌሎች የአይሁድ ቅርንጫፎች ግን፣ በሪፎርምና በአብዛኛው የኮንሰርቫቲቭ ማኅበረሰብ፣ ሴቶችም ይጠራሉ፤ ያነባሉም። ማጥናት ግን የሁሉም ነው።

ዕብራይስጥ አላውቅም። በአማርኛ መከታተል እችላለሁ?

በደንብ አድርጋችሁ። ታልሙድ ራሱ በሳምንቱ ውስጥ ክፍሉን ሁለት ጊዜ በዕብራይስጥ፣ አንድ ጊዜ በትርጉም አንብቡ ይላል። በዚያ ዘመን ትርጉም ማለት አራማይክ ነበር፤ የሕዝቡ የአፍ ቋንቋ ስለሆነ። ብዙ ሰው ዛሬ በትርጉሙ ፈንታ የራሺን ማብራሪያ ያነባል። ራሺ በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፈረንሳይ ትሯ ከተማ የኖረ ሊቅ ነው፤ አጭርና ግልጽ ነው።

ጀማሪ ከሆናችሁ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ክፈቱ። የመጀመሪያው ሳምንት ከዘፍጥረት 1፥1 እስከ 6፥8 ነው። ሁለተኛው ኖኅ፣ ከ6፥9 እስከ ምዕራፍ 11 መጨረሻ። ሦስተኛው «ሌኽ ለኻ»፣ ከ12 እስከ 17። አራተኛው «ቫዬራ»፣ ከ18 እስከ 22። አምስተኛው «ሓዬ ሳራ»፣ ከ23 እስከ 25፥18። ክፍሉን በሰባት ከፍላችሁ በቀን አንድ አንድ ማንበብ ትችላላችሁ፤ ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል። አንድ ጥያቄ ጻፉ። ዓርብ ማታ አብራችሁት የምትበሉትን ሰው ጠይቁት። የፓራሻ ወግ የሚጀመረው ከዚያ ነው።

ሳምንት ቢያመልጠኝስ?

ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ለመድረስ አትሩጡ። ሕዝቡ ያለበትን ሳምንት ያዙ። ዮሴፍ ጉድጓድ ውስጥ እያለ ከደረሳችሁ ከዚያው ጀምሩ። ያለፋችሁ ክፍል በሚመጣው ዓመት፣ በዚያው ወቅት፣ ተራው ሲደርስ ይመጣል።